ከለጋምቦ እስከ ኮረም፦ የሁለት ስልቻ በሶ ጉዳይ

ስልቻው ለጋምቦ በሚገኘው የአያቴ ቤት ጓዳ ውስጥ፣ ከምሰሶው ላይ ተንጠልጥሎ ነው የኖረው። የፍየል ሌጦ ነው፤ ጠጉሩ ተፍቆ የወጣ፣ እግሮቹ የተሰፉ፣ አንገቱ በጠፍር የሚታሰር። ልጆች ሳለን እንዳንነካው እንከለከል ነበር። ባለፈው ክረምት አወረድኩት። ቆዳው ደርቆ ስለነበር ሁለት ቀን ቅቤ እየቀባን አለሳለስነው፤ ከዚያ በሶ ሞላንበትና ወፍጮ ቤት ወስደን ሚዛን ላይ አስቀመጥነው። 21 ኪሎ ሆነ። በ1928 ዓ.ም. ዘመቻ ስለ ወጣ አንድ ወጣት ወታደር ልጽፍ ስነሳ በእጄ ይዤ የመዘንኩት ነገር ይህ ብቻ ነውና ከዚሁ እጀምራለሁ።

ወታደሩ አያቴ ናቸው። አባባ እንላቸው ነበር። በ1986 ክረምት ከቤት ወጥተው ኮረም ጦር ሰፈር እስኪደርሱ ያለውን መንገድ በሦስት ካሴት አስቀርጸውኛል። ስለ ማይጨው ውጊያ ስጠይቃቸው በሁለት ቃል አልፈውት ወደ መንገዱ ይመለሱ ነበር። መንገዱን ወንዝ በወንዝ፣ ሌሊት በሌሊት ይቆጥሩታል። አንቱ ብዬ ያደግሁትን ሰው ከዚህ በታች “ልጁ” እና “እሱ” የምለው፣ ያን ጊዜ ገና 19 ዓመት ሊሞላው ስለነበረ ነው። እናቱንም እንዲሁ እሷ እላታለሁ፤ በዚያ ኅዳር ከእኔ የዛሬ ዕድሜ ታንስ ነበር።

ስለ ማይጨው ዘመቻ ሲነሳ ሁላችንም የምናስታውሰው አውሮፕላኑንና የመርዙን ዝናብ ነው። ያ ሁሉ እውነት ነው፤ አባባም አይተውታል። ካሴቶቹን ደጋግሜ ሳዳምጥ ግን ሌላ ነገር እየጎላ መጣብኝ። ያ ሠራዊት ስንቁን የጫነው ከእናቶች ጓዳ ነበር፤ ስንቁም ያለቀው ጠላት ከመታየቱ በፊት፣ ደሴ ላይ ተቀምጦ በመጠበቅ ነው።

የሰገሌ መበለት ቤት

የልጁ አባት የንጉሥ ሚካኤልን ጦር ተከትሎ ወጥቶ አልተመለሰም። ጥቅምት 17 ቀን 1909 ሰገሌ ላይ የወሎ ጦር በሸዋ ጦር ሲሸነፍ እዚያው ቀረ። ልጁ የተወለደው ከአራት ወር በኋላ ነው። ስለዚህ መስከረም 22 ቀን 1928 ጣልያን መረብን ተሻግሮ አዲስ አበባ ላይ የክተት ነጋሪት ሲጎሰም፣ ያ ቤት ነገሩን የሰማው በሁለት ጆሮ ነበር። ነጋሪቱን ያስመቱት ንጉሠ ነገሥት ሰገሌ ላይ ካሸነፈው ወገን ናቸው። የንጉሥ ሚካኤል ልጅ የሆኑት ልጅ ኢያሱ ደግሞ ያን ጊዜ በእስር ላይ ነበሩ፤ በዚያው በኅዳር አረፉ። የወሎ ሰው ይህን አያውቅም ማለት አይቻልም። ያውቅ ነበር፤ አውቆም ወጣ።

ለምን እንደወጣ አባባን ደጋግሜ ጠይቄያቸዋለሁ። አንዱ መልሳቸው ግዴታ ነው፤ የአገሩ ሹም በየቤቱ እየዞረ ስም አስጠርቷል፣ መሬት ያለው ቤት ሰው ይሰጣል። ሁለተኛው ግን አጎታቸው፣ የአባታቸው ታናሽ ወንድም፣ ለእናታቸው የተናገሩት ነው። እናቱ “የባሌ ደም ሳይደርቅ ልጄን ለእነሱ ልስጥ?” ብላ ስታለቅስ አጎትየው እንዲህ አሉ፦ “እቴ፣ የሰገሌው የወንድማማች ጠብ ነው፤ እድሜ ይስጠን እንጂ ቤታችን ውስጥ እንጨርሰዋለን። ይሄ ግን ቤቱን ሊወስድ የመጣ ነው።” እናቱ ከዚያ በኋላ አላለቀሰችም። ገብስ መልቀም ጀመረች።

ለጋምቦ ደጋ ነው፤ እህሉ ገብስ ነው። ኅዳር ላይ የዓመቱ ገብስ ገና አልተወቃም ነበርና በሶው የተዘጋጀው ከጎተራው ጥግ ከተጠራቀመው ከአምናው ገብስ ነው። ሦስት ሌሊት ፈጀ። እናቱ በምጣድ ትቆላለች፣ በሙቀጫ ትሸከሽካለች፣ በድንጋዩ ወፍጮ ትፈጫለች። የጎረቤታቸው የክርስቲያኑ ቤት ልጅም አብሮ ተጠርቶ ስለነበር የዚያ ልጅ እናት የራሷን ገብስ በቁና ይዛ መጣች። ቤቷ ያለው ወፍጮ ድንጋዩ አልቆበት ነበርና ሁለቱ እናቶች እየተፈራረቁ በአንድ ወፍጮ ፈጩ። አባባ ይህን ሲያወሩ እጃቸውን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ያወዛውዙ ነበር፤ ድምፁ እስከ ዛሬ ጆሯቸው ውስጥ ያለ ይመስል።

ሌጦዎቹ ሁለት ነበሩ፤ በአንድ ቀን የታረዱ የሁለት ፍየሎች፣ መጠናቸው እኩል። እናቱ በሶውን ጠቅጥቃ አህያው ላይ ስታስጭን አንድ ቃል አስገባችው። “ስልቻዎቹን ሰጥቼህ አይደለም፤ አውሼህ ነው። አባትህን ስሸኝ ‘ውሰድ’ ብዬ ሰጠሁት፣ ቀረ። የተዋስኸውን ትመልስልኛለህ።”

ከዚያ ጋቢውን ሰጠችው። ጥጡን ከቆላ ነጋዴ ገዝታ ክረምቱን ሙሉ የፈተለችው ነው። ነጭ ነበር፤ ነጭ ሲባልም ሰው ሲያየው ዓይኑን የሚያጠብ። አጎቱ አንድ ውጅግራና ሰባት ጥይት ሰጡት። ለአንድ ወታደር የወጣው ሁሉ ይኸው ነው፤ ከመሣሪያው እስከ ጨው ድረስ ከዚያ ቤት ነው የወጣው።

ሁለት ጾም፣ አንድ እህል

ኅዳር 14 ቀን ከአሥራ አንድ ሰዎች ጋር ወጡ። በጉጉፍቱ ብርድ አድረው በሦስተኛው ቀን፣ ኅዳር 17፣ ደሴ ገቡ። መንገዱ ላይ ብዙ አልቆይም፤ አገራቸው ነው፣ ያውቁታል፣ በየደረሱበት የሚያሳድር ዘመድ አለ።

የቀኖቹን አቆጣጠር ግን ልብ በሉልኝ። ኅዳር 15 ጾመ ነቢያት ገባ። ኅዳር 17 ደግሞ የረመዳን ጨረቃ ታየች። ክርስቲያኑ ጓደኛ ከሥጋና ከወተት ታቀበ፤ ልጁ ቀኑን ከእህል ከውሃ ታቀበ። አብረዋቸው የነበሩ አንድ ሽማግሌ “አብሽር፣ አንተ መንገደኛ ነህ፤ ዘማች ነህ፤ ቀን ቆጥረህ ኋላ ትከፍላለህ” ብለውታል። እሱ ግን ደሴ ገብተው ነበርና ጾሙን ያዘ። ረመዳኑ በታኅሣሥ አጋማሽ ሲያልቅ የነቢያት ጾም ገና ነበር። ልደት አለፈ። የካቲት 9 ቀን ዐቢይ ጾም ገባ፤ ትንሣኤው ሚያዝያ 4 ነበርና ከኮረም እስከ ማይጨው ያለው ሁሉ ሁዳዴ ውስጥ ነው።

ይህን የምዘረዝረው ከመንግሥት በኩል ይታደል ስለነበረው ምግብ ሲወራ በሬ ታረደ ስለሚባል ነው። አዎ፣ አልፎ አልፎ በሬ ይታረድ ነበር። ግን ክርስቲያን ያረደውን እስላሙ አይበላም፤ እስላሙ ያረደውን ክርስቲያኑ አይበላም፤ በጾም ደግሞ ክርስቲያኑ የራሱንም አይነካም። እንደ ወሎ ያለ ሁለቱም ሃይማኖት ጎን ለጎን የሚዘምትበት ጦር ውስጥ አንድ በሬ ሲወድቅ ግማሹ ሰው ዞር ብሎ ይቀመጣል። ሁለቱ ልጆች በማንኛውም ቀን ከአንድ ዋንጫ ሊካፈሉት የሚችሉት በሶን ብቻ ነበር። እሳት አይፈልግም፤ ውሃና ትንሽ ጨው ይበቃዋል። ጭስ አያወጣም። በዚያ ዘመቻ ጭስ አለማውጣት ምን ማለት እንደሆነ ቆየት ብለው ነው የተረዱት።

ዓርብ፣ ኅዳር 26

ደሴ ያን ጊዜ ጦር ሰፈር ነበረች። ከጦሳ ተራራ ሥር እስከ ቦርከና ድረስ ድንኳን፣ ዳስ፣ በቅሎ፣ አህያ፣ ዘማቹን ተከትለው የመጡ ሴቶችና ልጆች። የጦር ሚኒስትሩ የራስ ሙሉጌታ ጦር ቀደም ብሎ ወደ ሰሜን አልፏል። ንጉሠ ነገሥቱ በዚያው በኅዳር ከአዲስ አበባ መጥተው ጠቅላይ ሰፈራቸውን እዚያ አደረጉ። ልጁ ይህን ሁሉ ሰው አንድ ላይ ሲያይ በሕይወቱ የመጀመሪያው ነው። “ጣልያን ይህን አይቶ የሚመለስ መስሎኝ ነበር” ይሉ ነበር አባባ።

ኅዳር 26 ቀን ጠዋት አውሮፕላኖቹ መጡ። አባባ ቀኑ ዓርብ እንደነበረ አይጠራጠሩም፤ ባሕረ ሐሳቡን ቆጥሬ አረጋግጫለሁ፣ ዓርብ ነው። ለጁምዓ ሊታጠብ ወደ ወንዙ ወርዶ፣ ጋቢውን እንዳይረጥብ አውልቆ ቁጥቋጦ ላይ ዘርግቶት ነበር። መጀመሪያ የሰማው ንብ የመሰለ ድምፅ ነው። ቀና ሲል በርቀት የሚዞሩ ጆፌ አሞሮች መሰሉት። ከዚያ መሬቱ ዘለለ። ጎጆዎቹ ላይ እሳት ተነሣ፤ የሣር ክዳን ስለሆኑ ከአንዱ ወደ አንዱ ይዘላል። ሰው ሁሉ ወደ ሜዳው ሲሮጥ አንድ የማያውቀው ሰው ከጀርባው ጮኸበት፦ “ነጩን! ነጩን አንሣው!” ልጁ ጋቢውን ጎትቶ፣ እላዩ ላይ ተደፍቶ፣ ከነጋቢው ጭቃው ውስጥ ገባ። ፊቱን ጭቃው ላይ አድርጎ እንደቆየ ያስታውሳል፤ የጭቃውን ሽታ፣ የእናቱ የጥጥ ሽታ ከጭቃው ጋር ተቀላቅሎ።

በዚያ ቀን አሜሪካውያን ሚሲዮናውያን የሚሠሩበት የቀይ መስቀል ምልክት ያለበት ሆስፒታልም ተመትቷል። ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው መትረየስ ይዘው መተኮሳቸው ተጽፏል። ልጁ ያንን አላየም። እሱ ያየው አንዲት ሴት በተቃጠለ ጎጆ ደጃፍ ምጣዷን ስትፈልግ ነው።

ነጭ ልብስ እንዳይለበስ፣ ሰው በአንድ ላይ እንዳይሰበሰብ ትእዛዝ ነበረ፤ ከዚያ ዓርብ በኋላ ግን የሚያስታውስ አላስፈለገም። ሁለቱ ልጆች ቅጠል ቀቅለው፣ ጥቁር ጭቃ አክለውበት፣ ጋቢዎቻቸውን ነከሩ። አባባ ካሴቱ ላይ ድምፃቸው የሚሰበረው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱም እዚህ ላይ ነው። “እናቴ ክረምቱን ሙሉ ነጭ ያደረገችውን በአንድ ከሰዓት አጠቆርኩት” አሉ።

86 ቀን

ከዚህ በኋላ የሆነው ነገር ምንም ነው። ጉዳዩም ያለው እዚሁ ምንም ውስጥ ነው።

ኅዳር 17 ደሴ ገቡ፤ የካቲት 13 ወደ ሰሜን ወጡ። 86 ቀን ነው። ታኅሣሥ፣ ጥር፣ የየካቲት ግማሽ ተቀመጡ። ለምን እንደሆነ ማንም አልነገራቸውም። ዛሬ ሲታይ ምክንያት ነበረው፦ ከደቡብና ከምዕራብ የሚመጣው ጦር በእግሩ ስለሚመጣ ሳምንታትና ወራት ይፈጅበታል፤ ከደሴ ወደ ሰሜን የመኪና መንገድ እየተቆፈረ ነበር፤ በግንባሩ ያሉት መሳፍንት የራሳቸውን ውጊያ እየተዋጉ ነበር። የንጉሠ ነገሥቱን ቦታ ይዞ ማዘዝ ቀላል ነበር አልልም። ግን አንድ ጦር ቀለቡን ራሱ ይዞ እንዲመጣ ከተደረገ፣ በሚጠብቅበት በእያንዳንዱ ቀን የሚበላው የውጊያውን ቀን ቀለብ ነው። ይህንን ያሰበ ሰው መኖር ነበረበት።

ሒሳቡ እነሆ። ሁለቱ ስልቻዎች እኩል ከነበሩ 42 ኪሎ በሶ ነው። አንድ ወጣት በቀን ግማሽ ኪሎ ቢበላ፣ ለማንም ሳያካፍል፣ 84 ቀን ይበቃዋል። ከኅዳር 14 ተነሥተን ስንቆጥር የካቲት 7 ላይ ያልቃል፤ ከደሴ ሳይነሣ ማለት ነው። በሌላ በኩል፣ ከለጋምቦ እስከ ኮረም የተራመደው 16 ቀን ብቻ ነው። ለ16 ቀን መንገድ 8 ኪሎ በቂ ነበር። ሳይቆም ቢሄድ ኖሮ ኮረም ሲደርስ 34 ኪሎ፣ የ68 ቀን ስንቅ፣ በእጁ ይኖር ነበር።

እውነቱ ደግሞ ከሒሳቡ የባሰ ነው። ልጁ ብቻውን አልበላም። ከአሥራ አንዱ የሁለቱ ስንቅ በኅዳር 26 እሳት ተቃጥሏል፤ በወሎ ልማድ ሰው እያየህ ስልቻህን አታስርም። ጥር ሳያልቅ ሁለቱም ስልቻዎች ተገለበጡ። አህያውም ቢሆን በዚያ ሁሉ ከብት መሐል ሣር አላገኘም። ጎኑ ሲገባ ገበያ አውጥተው ሸጡት፤ በተገኘው ብር እህል ገዙ። ከየአቅጣጫው በመጣ ጦር መካከል የእህል ዋጋ ምን ያህል እንደሚንር ለአንባቢ መንገር አያስፈልገኝም። አልፎ አልፎ ከግምጃ ቤት ጥሬ ይሰፈርላቸው ነበር፤ አባባ ይህን ሳይክዱ “ተራህ ሲደርስ ቁናው ያልቃል” ይሉ ነበር።

ሁለቱን ባዶ ስልቻዎች ግን አልሸጠም። የሚገዛ ጠፍቶ አይደለም፤ ሌጦ ይፈለግ ነበር። ተውሷላ።

አሥራ ሦስት ሌሊት

የካቲት 13 ሲመሽ ከደሴ ወጡ። ቀን መሄድ ቀርቷል፤ ቀን ቀን ከዛፍ ሥርና ከገደል ጥግ ይተኛሉ፣ ማታ ይነሣሉ። ሐይቅን በጨለማ አለፉት፤ ውሃውን ሳያዩ የእንቁራሪት ድምፅ ብቻ ሰምተው። ውጫሌን፣ መርሳን፣ ወልድያን እንዲሁ። ዛሬ ደሴ ወልድያ 120 ኪሎ ሜትር ነው፤ በሚኒባስ ቁርስና ምሳ መካከል ይደረሳል። እነሱ ስድስት ሌሊት ፈጅቶባቸዋል፤ በሌሊት ጠባብ መንገድ ላይ በቅሎም ሰውም ሲጨናነቅ ከመራመድ ይልቅ መቆም ይበዛል።

ከአላ ውሃ ወዲያ ነገሩ ሁሉ ተለወጠ። አንደኛ፣ ደገኞች ናቸው፤ የቆቦ ሜዳ ቆላ ነው። ከአሥራ አንዱ ሦስቱን ንዳድ ያዛቸው፤ አንዱ ጎብዬ አጠገብ ከሰው ቤት ቀረ። ሁለተኛ፣ ከፊት ለፊት የሚመጣ ሰው ማግኘት ጀመሩ። አምባ አራዶም ላይ የራስ ሙሉጌታ ጦር ተሰብሮ የተረፈው ወደ ደቡብ ይጎርፍ ነበር። የሚወጣውና የሚመለሰው በአንድ መንገድ፣ በጨለማ፣ ትከሻ ለትከሻ ተላለፉ። ሰላም የሚል የለም። አንድ ጊዜ ጨረቃ ስትወጣ ልጁ ዓይኖቹ የተሸፈኑ፣ በልጅ የሚመራ ሰው አየ። እጆቹ ላይ ያለው ቆዳ እንደ ተቀቀለ ድንች ልጣጭ ተንከባሎ ነበር። “እሳት ነው?” ብሎ ጠየቀ ልጁ። “ዝናብ ነው” አለው የሚመራው።

የሚበሉት ከማሳው ጥግ የለቀሙትን ሽምብራ ነበር። በአረፋ ሰሞን ለእስላሞቹ አንድ በሬ ተሰጣቸውና ልጁ ከብዙ ሳምንት በኋላ ሥጋ ቀመሰ፤ ጓደኛው ሁዳዴ ላይ ነበርና ፊቱን አዙሮ ሽምብራውን ቆረጠመ። ልጁ ድርሻውን ቶሎ ጨርሶ ሄዶ አጠገቡ ተቀመጠ። ይህን ሲነግሩኝ አባባ እንደ ጥፋት አድርገው ነው የነገሩኝ።

አላማጣ ሲደርሱ የግራት ካሕሱ አቀበት ተደቀነባቸው። ከቆላው ሜዳ ወደ ኮረም ደጋ በአንድ ትንፋሽ የሚወጣ ግድግዳ ነው። ድንጋዩ እንደ ምላጭ ነው፤ እግራቸው ደግሞ በአሥራ ሁለት ሌሊት ተሰነጣጥቆ ደም ይጥል ነበር። ከአቀበቱ ሥር ተቀምጠው ልጁ ከሁለቱ ስልቻዎች አንዱን አወጣና በቢላ ከአራት ቆረጠው። ሁለቱን ለጓደኛው ሰጠ፣ ሁለቱን ለራሱ፤ በጠፍር አሥረው ወጡ። እየቆረጠ ሳለ ምን እንዳሰበ ጠይቄያቸው ነበር። “እናቴን” አሉ፣ ሌላ አልጨመሩም።

ከሰፈሩ የደረሱት የካቲት 26 ንጋት ላይ ነው። በዋዜማው ከኮረም አጠገብ የነበረው የእንግሊዞች ቀይ መስቀል ሰፈር በቦምብ ተደብድቦ ነበርና መጀመሪያ ያገኛቸው የድንኳን ቃጠሎ ሽታ ነው።

ኮረም

ስለ ጦር ሰፈሩ አባባ ያላቸው ጥቂት ነው። ሰፈር ሲባል ድንኳን እንዳይመስላችሁ፤ ዋሻና ገደል ነው። ንጉሠ ነገሥቱም ዋሻ ውስጥ ነበሩ። ቀን እሳት መንደድ ክልክል ነው፣ ጭስ አውሮፕላን ይጠራል። ጥሬ የተሰጠው ሰው የሚቆላበት ስለሌለው ጥሬውን ያላምጣል። በሶ ቢኖር ኖሮ ብሎ ማሰብ የሚጀምረው ሰው እዚህ ላይ ነው፤ እኔም ሚዛኑ ላይ ያየሁት 21 የሚለው ቁጥር ከአእምሮዬ አልወጣ ያለው በዚህ ምክንያት ነው። ያ ምግብ የተሠራው ለኮረም ነበር። እሳት በማይነድበት፣ ጾም በማይፈታበት፣ ሁለት ሃይማኖት በአንድ ዋሻ በሚያድርበት ቦታ ሊበላ የሚችል እህል ሁለት ሴቶች ሦስት ሌሊት ፈጭተው ልከው ነበር። ደሴ ላይ አለቀ።

ብርዱን በሁለት ጋቢ ተቋቋሙት፤ አንዱን አንጥፈው፣ አንዱን ለብሰው።

መጋቢት 22 ቀን፣ ማክሰኞ፣ ማይጨው ላይ ውጊያው ሆነ። ጓደኛው እዚያ ቀረ። ልጁ ከሰባቱ ጥይት አራቱን ተኩሷል። ጦሩ ሲመለስ፣ መጋቢት 26፣ አሸንጌ ሐይቅ ዳር ከሰማይ የተደረገው ከማይጨው የከፋ እንደነበር አባባ ይናገራሉ፤ ከየኮረብታው ደግሞ ጣልያን ያስታጠቃቸው የአገሩ ሰዎች ይተኩሱ ነበር፤ ከጥቂት ዓመታት በፊት የመንግሥት ጦር ወርዶ ከብቱንና ቤቱን ያጠፋበት አገር ነው። ልጁ ዋናውን መንገድ ትቶ ወደ ላስታ ወጣ። ደሴ ሚያዝያ 7 መያዟን የሰማው መንገድ ላይ ነው። በበሽሎ ቆላ ተሻግሮ ግንቦት ውስጥ፣ ማታ፣ ለጋምቦ ገባ።

እናቱ በድምፁ ነው ያወቀችው። እልል አላለችም፤ ጎረቤት ልጁን የሚጠብቅ አለ። አስገብታ አስቀመጠችው፣ እግሩን ልታጥብ ውሃ አቀረበች። እሱ ከትከሻው ስልቻውን አውርዶ በሁለት እጁ ሰጣት። ገልብጣ አራገፈችው፤ ከስፌቱ ውስጥ ትንሽ ዱቄት መዳፏ ላይ ወደቀ።

“ሁለተኛውስ?” አለችው።

“ግማሹ እግሬ ላይ ነው።”

የጠፍሩን ቋጠሮ ስትፈታ ቀና ብላ፣ “ግማሹስ?” አለችው።

የጓደኛው እናት ድምፁን ሰምታ መጥታ በሩ ላይ ቆማ ነበር።